ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አምኜ የገዛሁት ፋየርዎል

ለመሥሪያ ቤቴ ፋየርዎል፣ ማለትም በኢንተርኔቱና በቢሮው ኔትወርክ መካከል ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠር ሳጥን፣ ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ። በመጀመሪያው ተሸወድኩ። ሁለተኛው እስካሁን እየሠራ ነው። የሚገርመው ሁለቱም የአንድ አምራች ዕቃ ናቸው። ስለዚህ በኩባንያው ማሳበብ አልችልም። የተሳሳተው አመራረጤ ነበር። ይህን የምጽፈው አሁን ዋጋ እየሰበሰባችሁ ያላችሁ ሰዎች የኔን ጣጣ እንዳትደግሙት ነው።

ድርጅታችን 90 ገደማ ሠራተኛ አለው። አንድ ዋና ቢሮና ሁለት ቅርንጫፎች አሉን። የአይቲ ክፍሉ ሁለት ሰው ነው፤ እኔና አንድ ባልደረባዬ። እሱም የቀኑን እኩሌታ ከፕሪንተር ጋር ሲታገል ነው የሚውለው።

ከዚያ በፊት የነበረን ኢንተርኔት አቅራቢው የሰጠን ራውተር ብቻ ነበር። ከእጅ አይሻል ዶማ። ኔትወርኩ አንድ ወጥ ነው። የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር፣ የእንግዳ ስልክ፣ የበሩ ካሜራ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ይባስ ብለን ከቤት ሆነው ለሚሠሩ ሰዎች የሰርቨሩን ሪሞት ዴስክቶፕ (ከሩቅ ሆኖ መጠቀሚያውን)፣ ማለትም የሚገባበትን በር ፖርት 3389ን፣ በቀጥታ ወደ ውጭ ከፍተነው ነበር። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። አንድ ቀን የሰርቨሩን ሎግ ስከፍት በአንድ ሌሊት ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ የተሳሳቱ የይለፍ ቃል ሙከራዎች አየሁ። "አድሚን"፣ "ቴስት"፣ "ባክአፕ" እያሉ ስም እየቀያየሩ ሲያንኳኩ አድረዋል። እኛን ለይቶ የፈለገ ሰው አልነበረም። መላውን ኢንተርኔት ሲያስሱ የሚውሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ክፍት በር ባገኙበት ሁሉ ይሞክራሉ። ያን ዕለት ፖርቱን ዘጋሁ። በማግስቱ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ፋየርዎል ያስፈልገናል አልኩ።

አለቃዬም ተስማማ፤ ሻጭ ጠራን። ሻጩ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። "መስመራችሁ ስንት ነው?"

"200 ሜጋቢት።"

"እንግዲያው ምን ትጨነቃለህ? ይሄ 5 ጊጋቢት በሰከንድ ያሳልፋል። ሃያ አምስት እጥፍ!"

እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አለኝ። ሃያ አምስት እጥፍ ሲባል ማን ይጠላል? ገዛነው፣ ገጠምነው፣ ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዚያ የተከፈለበትን ሁሉ አንድ በአንድ ማብራት ጀመርኩ። የድረ ገጽ ማጣሪያውን፣ አይፒኤሱን (የጥቃት ሙከራን ለይቶ የሚያግደውን)፣ ጸረ ቫይረሱን፣ የአፕሊኬሽን ቁጥጥሩን። በመጨረሻ ኢንክሪፕት የሆነውን ትራፊክ ፈትቶ የሚመረምረውን አበራሁ። ሰኞ ጠዋት ሰው ሁሉ እንደገባ ጉድ ፈላ። የሳጥኑ ሲፒዩ 98 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። የቪዲዮ ስብሰባ ተቆራረጠ። ፋይል ሰርቨሩ ጭራሽ አልከፈት አለ። ስልኬ እረፍት አጣ። ከአንድ ሰዓት ትግል በኋላ ያበራሁትን ሁሉ መልሼ አጠፋሁት። በውድ ዋጋ የተገዛ ራውተር ይዘን ቀረን።

ማታ ተረጋግቼ የዕቃውን መረጃ ወረቀት እንደገና አነበብኩት። በትልቁ የተጻፈው 5 ጊጋቢት ምንም ምርመራ ሳይኖር፣ ለዕቃው በሚመቹ ትልልቅ የዩዲፒ ፓኬቶች (የዳታ ጥቅሎች) የተለካ ነው። ከታች በትንንሽ ፊደል ሌሎች ቁጥሮች አሉ። አይፒኤስ ሲበራ ይህን ያህል፣ ሙሉ ጥበቃው ሲበራ ይህን ያህል፣ ኤስኤስኤል (ኢንክሪፕት የሆነው ትራፊክ) ሲፈታ ይህን ያህል እያለ ይወርዳል። የእኛው ሳጥን ሙሉ ጥበቃው ሲበራ የሚያሳልፈው 600 ሜጋቢት ነበር። ኤስኤስኤል ሲፈታ ደግሞ ከዚያም ግማሽ። 5 ጊጋቢቱ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መታወቂያ ብቻ የሚያይ ዘበኛና እያንዳንዱን የታሸገ ፖስታ ከፍቶ፣ አንብቦ፣ መልሶ የሚያሽግ ዘበኛ እኩል ሰው አያሳልፉም። ፋየርዎልም ከፓኬቱ ላይ አድራሻና ፖርት ብቻ ሲያይ ፈጣን ነው። ውስጡን ሲያነብ ይዘገያል።

"600 ሜጋቢትስ ቢሆን ለ200 መስመር አይበቃም ወይ?" ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ያልገባኝ ነገር ይህ ነው፦ በፋየርዎሉ የሚያልፈው የኢንተርኔት ትራፊክ ብቻ አይደለም። ኔትወርኩን በቪላን (አንዱን ኔትወርክ ለየብቻ ክፍል በሚያደርግ ዘዴ) ከፋፍለን ነበር። ሠራተኛው አንድ፣ ሰርቨሩ አንድ፣ እንግዳው አንድ፣ ካሜራና ፕሪንተሩ አንድ። ይህ በራሱ ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ነገር ግን ከአንዱ ቪላን ወደ ሌላው የሚሄደው ሁሉ በፋየርዎሉ ነው የሚያልፈው። ከፋይል ሰርቨሩ የሚወርደው ፋይል፣ ወደ መቅጃው የሚፈሰው የካሜራ ምስል፣ ባክአፑ፣ ሁሉም። ይሄ ደግሞ በ1 ጊጋቢት ኬብል ነው የሚሮጠው። እኔ ሆዬ ለሁሉም ሩል (ማን ወዴት እንደሚያልፍ ለሚወስነው ደንብ) ሙሉ ምርመራ አብርቻለሁ። ሻጩ የጠየቀኝ ስለ ኢንተርኔት መስመሩ ብቻ ነበር። የመለስኩትም ስለ እሱ ብቻ ነው።

የጥበቃ አገልግሎቶቹ ላይሰንስ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ሁለተኛውን ግዢ ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ሻጭ ከመጥራቴ በፊት ሁለት ሳምንት ቆጠርኩ፤ ለካሁ። ሰው 90 ነው፤ መሣሪያው ግን 240 ሆነ። ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ካሜራ፣ የስብሰባ አዳራሹ ቴሌቪዥን ሳይቀር። በተጨናነቀው ሰዓት በአንድ ጊዜ የተከፈቱ ሴሽኖች (ግንኙነቶች) 15,000 ደረሱ። በቪላኖቹ መካከል የሚያልፈው ትራፊክ ከኢንተርኔቱ ሦስት እጥፍ ይበልጥ ነበር። በቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቢሮው በሚያስገባው የተመሰጠረ መስመር) የሚገባ ሰው ቢበዛ 25። እነዚህን በግማሽ ገጽ ጽፌ ለሦስት ሻጮች ላክሁ። ወረቀቱ ወሬውን ቀየረው። ከዚያ በኋላ "ሃያ አምስት እጥፍ" የሚለኝ አልነበረም።

ነጻ የሆኑትን የፋየርዎል ሶፍትዌሮችም አልናቅኳቸውም። ፒኤፍሴንስንና በ2015 ከእሱ ተገንጥሎ የወጣውን ኦፒኤንሴንስን ሁለት የኔትወርክ ካርድ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሞክሬያለሁ። ሁለቱም ፍሪቢኤስዲ በሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የቆሙ ናቸው። እንደ ፋየርዎልና እንደ ቪፒኤን ግሩም ናቸው። ከቪፒኤን ዓይነቶች ኦፕንቪፒኤንም፣ አይፒሴክም፣ ዋየርጋርድም አላቸው። ሱሪካታ የሚባለውን ፕሮግራም ከጫናችሁባቸው አይፒኤስ ይሆናሉ። ዓመታዊ ላይሰንስ የለም። የከበደኝ ሌላ ነው። እኔ ዕረፍት ላይ ብሆን ባልደረባዬ ብቻውን ሊይዘው ይችላል ወይ? ሌሊት ቢወድቅ ማንን ልንጠራ ነው? በእኛ ቤት መልሱ "አይ" እና "ማንንም" ነበር። በእናንተ ቤት ሊኑክስ ወይም ፍሪቢኤስዲ የማይፈራ ሰው ካለ ግን ገንዘባችሁን ለሃርድዌሩ አውሉት እላለሁ።

ከሻጮቹ አንድ ነገር ጠየቅኩ፦ ለ30 ቀን የሙከራ ዕቃ። አንዱ "አይቻልም፣ ዝናችን ይበቃል" አለኝ። ሰረዝኩት። ሁለቱ ሰጡን።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀላል ነበር። ኢካር የሚባል የሙከራ ፋይል አለ። 68 ፊደል ብቻ ያለው ምንም ጉዳት የሌለው ጽሑፍ ነው፤ የጸረ ቫይረስ ፕሮግራሞች ሁሉ ግን እንደ ቫይረስ እንዲቆጥሩት ተስማምተውበታል። ባልተመሰጠረ ግንኙነት ሳወርደው ሁለቱም ፋየርዎሎች ያዙት። በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረው) ሳወርደው ሁለቱም አሳለፉት። ሰበር ዜና አይደለም፤ ኤስኤስኤል ካልተፈታ ፋየርዎሉ የሚያየው የድረ ገጹን ስም እንጂ ይዘቱን አይደለም። ግን በዓይን ሲታይ ሌላ ነው። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ ኤችቲቲፒኤስ ነው። እንግዲህ ምርመራውን ሳታበሩ "ጸረ ቫይረስ አለው" ተብሎ የሚሸጥላችሁ ነገር አብዛኛውን ትራፊክ አያየውም ማለት ነው።

ታዲያ ሁሉንም እንፍታ? እዚህ ላይ ብዙዎች ከኔ ጋር አይስማሙም። እኔ ሁሉንም አልፈታም። ለመፍታት የፋየርዎሉን ሰርተፊኬት እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ መጫን አለባችሁ። በድርጅቱ ኮምፒውተሮች ላይ በግሩፕ ፖሊሲ (ከአንድ ቦታ ለሁሉም ኮምፒውተር በሚደርስ ትእዛዝ) ይጫናል፤ በእንግዳ ስልክ ላይ ግን አይሆንም። ሰርተፊኬት ሲቀየርባቸው እምቢ የሚሉ አፕሊኬሽኖችም አሉ፤ የባንክ አፖች ዋነኞቹ ናቸው። ከዚያ ደግሞ የሰው ገመና አለ። የሠራተኛ የባንክና የሕክምና ገጽ ተፈትቶ መታየት የለበትም፤ የሚፈታውንም ቢሆን ሠራተኛው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ስለዚህ የምፈታው የድርጅቱን ኮምፒውተሮች ብቻ ነው፤ የባንክና የጤና ገጾችን አስቀርቼ። ለቀረው በየኮምፒውተሩ የተጫነውን ጸረ ቫይረስ አምናለሁ። አንድ ማስታወሻ፦ ምርመራ ስታበሩ ዩዲፒ ፖርት 443ን ዝጉ። ብሮውዘሮች ኩዊክ በሚባለው ፕሮቶኮል በዚያ ስለሚያልፉ ምርመራው ሊያመልጠው ይችላል። ሲዘጋባቸው ራሳቸው ወደ ተለመደው ቲሲፒ ይመለሳሉ፤ ተጠቃሚው አይሰማውም።

ሁለተኛው ሙከራ በጣም የምወደው ነው። ባልደረባዬን በየተራ በሁለቱ ፋየርዎሎች ፊት አስቀመጥኩት። ሁለት ሥራ ሰጠሁት። አንድን ድረ ገጽ ለሒሳብ ክፍል ብቻ ዝጋ፤ ከዚያ ትናንት ብዙ ባንድዊድዝ የበላውን ሰው አሳየኝ። መመሪያ የለም፣ እኔም አፌን ዘጋሁ። በአንዱ በስድስት ደቂቃ ጨረሰ። በሌላው ግማሽ ሰዓት ተንከራቶ "አቦ ተወኝ" አለኝ። ያ ሁለተኛው በወረቀት ላይ የተሻለው ነበር። ፍጥነቱም ይበልጣል። ግን እኔ በሌለሁበት ቀን አዝራሩን የሚፈልገው ባልደረባዬ ነው። አሸናፊው ያ የድሮው አምራች ሆኖ ተገኘ፤ ሁለት ደረጃ ከፍ ያለ ሞዴል።

በሙከራው ወር ኬብል ነቀልኩ፣ ኃይል አጠፋሁ፣ ተነስቶ ሥራ እስኪጀምር በሰዓት ለካሁ። በስልክ እያወራሁ ዋናውን መስመር ነቅዬ ወደ ተጠባባቂው እስኪዞር ጠበቅኩ። ኮንፊግሬሽኑን ባክአፕ አድርጌ፣ ሳጥኑን ባዶ አድርጌ፣ መልሼ ጫንኩ። የመጨረሻውን አትዝለሉት። ተመልሶ ተጭኖ ያልታየ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም። አንድ ማታም ወደ ድጋፍ ሰጪዎቹ ደውዬ እውነተኛ ጥያቄ ጠየቅኩ፤ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባቸው ለማየት።

ሦስት ቀን የበላብኝን ነገር ልንገራችሁ። የቢሮ ስልኮቻችን በኢንተርኔት ነው የሚሠሩት። አዲሱ ፋየርዎል እንደገባ የደዋዩ ድምፅ ይሰማናል፤ እሱ ግን እኛን አይሰማንም። ሩሎቹን ሁሉ ፈተሽኩ። ስዊቹን ቀየርኩ። የስልክ አቅራቢውን ወቀስኩ፤ ይቅርታ ይድረሰው። ጥፋተኛው ኤስአይፒ ኤኤልጂ የሚባል፣ ሊረዳ ብሎ ፓኬቱን የሚነካካ ባሕርይ ነበር። አጠፋሁት፤ በቃ፣ ተስተካከለ። ድምፅ በአንድ በኩል ብቻ ሲሆን መጀመሪያ እሱን እዩ።

የቅርንጫፎቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። አንደኛው ቅርንጫፍ ቪፒኤኑ አልገናኝ አለ። የቅርንጫፉን ፋየርዎል የውጭ በር አድራሻ ሳይ በ100.72 ይጀምራል። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ኢንተርኔት አቅራቢዎች አንድን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ሲያካፍሉ የሚጠቀሙበት ነው። ማለትም ከውጭ ወደዚያ ቅርንጫፍ ማንም ሊደውል አይችልም። መፍትሔው ደዋዩን መገልበጥ ሆነ፦ ቅርንጫፉ ወደ ዋናው ቢሮ ይጀምራል፣ ዋናው ቢሮ ይጠብቃል። እሱም እንዲሆን ዋናው ቢሮ የራሱ ፐብሊክ አድራሻ ሊኖረው ይገባል። የአቅራቢው ራውተር ከፊት ካለ ደግሞ ብሪጅ ሞድ ላይ (አድራሻ ሳይቀይር ዝም ብሎ በሚያሳልፍበት) እንዲያደርጉት ጠይቁ። አለበለዚያ ናት (የአድራሻ ቅየራው) በናት ላይ ተደርቦ ቪፒኤኑን ያስቸግራል። ይህን ሁሉ ከመግዛታችሁ በፊት በአንድ ስልክ መጠየቅ ይቻላል። እኔ ከገዛሁ በኋላ ነው የጠየቅኩት።

ስለ ገንዘቡ የፋይናንስ ኃላፊያችን የጠየቀችኝን ብቻ ልድገም። "ይሄ ዋጋ የዕቃው ነው ወይስ የዓመቱ?" አለችኝ። ከሷ በላይ የጠየቀ ሻጭም ባለሙያም አላገኘሁም። የመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ በቅናሽ ይሸጣል፤ ምሬቱ እድሳት ላይ ነው። ስለዚህ የአምስት ዓመቱን ድምር በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዕቃ፣ ላይሰንስ፣ ድጋፍ ሁሉ ተደምሮ። ላይሰንሱ ሲያልቅ ምን እንደሚቆምም ጠይቁ። በብዙዎቹ ሳጥኑ መሥራቱን ይቀጥላል፤ የአይፒኤስና የቫይረስ ዝርዝሩ ግን መታደሱን ያቆማል። በክላውድ ከሚተዳደሩት ውስጥ ጭራሽ ትራፊክ ማሳለፍ የሚያቆሙም አሉ። አምራቹ ለዚያ ሞዴል አፕዴት መስጠት የሚያቆምበትን ቀንም ጠይቁ። በቅናሽ የሚጣደፍላችሁ ሞዴል አንዳንዴ ሊሰናበት የተቃረበ ነው።

አፕዴቱ ለምን እንዳስጨነቀኝ ልናገር። ፋየርዎል ራሱ ይጠቃል። በ2021 የፋየርዎል አምራቹ የፎርቲኔት 87,000 ገደማ መሣሪያዎች የቪፒኤን መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ተዘርግፎ ወጣ። የወጣበት ቀዳዳ ከ2019 ጀምሮ መድፈኛ ነበረው፤ ያልደፈኑ ናቸው የተበሉት። በ2024 ደግሞ የፓሎ አልቶ ቪፒኤን መግቢያ ላይ በአደገኛነት መለኪያ ከ10 ውስጥ 10 የተሰጠው ቀዳዳ ተገኘ፤ መድፈኛው ሳይወጣ ሰዎች ሲጠቀሙበት ነበር። የሶፎስም የሲስኮም ተራ ደርሷል። ስለዚህ "ይሄኛው ተጠቅቶ አያውቅም" የሚላችሁን ሻጭ ጆሮ ዳባ ልበስ በሉት። የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ቀዳዳ ሲገኝ በስንት ቀን ያሳውቃሉ? መድፈኛውን ላይሰንስ ላለቀበት ደንበኛም ይሰጣሉ? የአሜሪካው የሳይበር ደኅንነት ተቋም ሲሳ ከ2021 ጀምሮ በተግባር ጥቃት የደረሰባቸውን ቀዳዳዎች ዝርዝር በነጻ ያወጣል። የምትገዙትን ዕቃ አምራች ስም እዚያ ፈልጉት። አብዛኞቹን ታገኛላችሁ፤ የምታዩት ድግግሞሹንና የመልሳቸውን ፍጥነት ነው።

እኛ የፋየርዎሉን ማስተዳደሪያ ገጽ ከውጭ ጭራሽ ዘግተነዋል። ከውስጥም ከሁለታችን ኮምፒውተር ብቻ ነው የሚከፈተው። ቪፒኤኑ ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ አያስገባም። ሠራተኛው መጀመሪያ አጉረምርሟል፣ አሁን ለምዶታል። ሎጉን ወደ ሌላ ኮምፒውተር እንልካለን፤ ትንንሾቹ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ ዲስክ ስለሌላቸው ሲጠፉ ሎጋቸውም አብሮ ይጠፋል። በየሦስት ወሩ ደግሞ ሩሎቹን ቁጭ ብለን እናነባለን። ባለፈው አንድ "ለጊዜው" የሚል ማስታወሻ ያለው፣ ከሁሉም ወደ ሁሉም የሚፈቅድ ሩል አገኘን። ስምንት ወር ቆይቷል። ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ሁለት ሳጥን ገዝቶ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካ ማድረግ ይቻል ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ግን ላይሰንሱ ለሁለቱም ይከፈላል፤ የፋይናንስ ኃላፊዋ ፊት ማየት ይበቃል። ለግማሽ ቀን መቋረጥ የማንሞት ድርጅት ስለሆንን ተውነው። በምትኩ የድሮው ሳጥን አልተሸጠም። ሰርቨር ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ዋና ዋናዎቹ ሩሎችና የቅርንጫፎቹ ቪፒኤን ተጭነውበታል፣ አፕዴቱም እየተከተለ ነው። ምርመራው በሙሉ ጠፍቷል፤ ያን ጊዜ ያልቻለውን አሁንም አልጠይቀውም። ባልደረባዬ ላዩ ላይ ወረቀት ለጥፎበታል። የትኛው ኬብል የት እንደሚሰካ በቀለም ጽፏል። ባለፈው ወር ለልምምድ ቀይረነው ነበር። ከመንቀል እስከ መሰካት 11 ደቂቃ ፈጀ፤ አራቱ ደቂቃ ሳጥኑ እስኪነሳ የጠበቅነው ነው።